ብርሃን የሚጠፋበት ግማሽ ማይክሮ ሜትር

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለገሃር ድረስ የሚዘረጋ የፋይበር መስመር ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየቤታችን ያለው የፋይበር ሞደም ወደ ጣቢያው የሚልከው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1310 ናኖ ሜትር ነው፤ ጥሩ ፋይበር ደግሞ ከዚህ ብርሃን በየኪሎ ሜትሩ 0.35 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከላይ የተለቀቀው ብርሃን ታች ሲደርስ የከሰረው 0.7 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከመቶ እጅ ሰማንያ አምስቱ እጅ ደርሷል ማለት ነው። ብርሃኑ ያለፈው ሁለት ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስታወት ውስጥ መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያንኑ 0.7 ዴሲቤል ግን ጉዞ ሳይጀመር መክሰር ይቻላል። ብርሃኑን የሚያመነጨው ሌዘር ወይም የሚያቀናብረው ቺፕ ከፋይበሩ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ትንሿ የብርሃን ነጥብ ከቦታዋ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ፈቀቅ ማለቷ ይበቃል። የሰው ፀጉር ውፍረት የዚያ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው መንገድ ቆፋሪው ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በአራት ኪሎ በተካሄደው የኮሪደር ልማት፣ በየምሰሶው ተንጠልጥለው የነበሩ ገመዶች ወደ መሬት ሲገቡ ያየ የከተማው ነዋሪም ኔትወርክ ማለት ቱቦና ገመድ ብቻ ቢመስለው አይፈረድበትም። የገመዱ ጣጣ ግን ከተፈታ ቆይቷል። ቻርለስ ካዎ እ.ኤ.አ. በ1966 የፋይበር ኪሳራ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል ቢወርድ ለስልክ አገልግሎት እንደሚበቃ አስልቶ አሳየ፤ በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን መስታወት ሠርተው አቀረቡ፤ ዛሬ በ1550 ናኖ ሜትር ያለው ኪሳራ በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል አካባቢ ነው። እስከ ዛሬ መሐንዲሶችን እንቅልፍ የሚነሳው የገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ያለው ነገር ነው። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ጫፍና እዚያ ስለሚቀመጠው ሌንስ ነው።

ስለ ዴሲቤል አንድ ነገር እንያዝና እንቀጥል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ጠፋ ማለት ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጠፋ አንድ አሥረኛው፣ 20 ሲጠፋ አንድ መቶኛው ይቀራል። በየቦታው የሚደርሱ ኪሳራዎች በዴሲቤል ከተጻፉ እንደ ሱቅ ሒሳብ ይደመራሉ፤ ባለሙያዎች ይህን መለኪያ የወደዱትም ለዚህ ነው።

ሁለቱ የብርሃን መንገዶች

ፋይበርም ሆነ በቺፕ ላይ የተቀረጸው ሞገድ መሪ፣ ባለሙያዎቹ ዌቭጋይድ የሚሉት፣ የሚሠሩት በአንድ መላ ነው። መሐል ላይ የስብረት አሃዙ፣ ማለትም ብርሃንን የሚያዘገይበት መጠን፣ ከፍ ያለ ቁስ ይደረጋል፤ ዙሪያውን አሃዙ ዝቅ ባለ ቁስ ይከበባል፤ ብርሃኑም ከመሐሉ ሳይወጣ ይጓዛል። ልዩነቱ በመሐሉና በዙሪያው መካከል ባለው የአሃዝ ርቀት ላይ ነው። በተለመደው ባለ አንድ ሞድ ፋይበር፣ ማለትም ብርሃን በአንድ ቅርጽ ብቻ በሚጓዝበት፣ የአስኳሉና (የመሐሉና) የልባሱ (የዙሪያው) ልዩነት ከአንድ በመቶ በታች ስለሆነ ብርሃኑ ጠበቅ ተደርጎ አይያዝም፤ ዘና ብሎ ይሰፋል። የፋይበሩ የውጭ ዲያሜትር 125 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አስኳሉ ከ8 እስከ 9 ማይክሮ ሜትር ነው፤ በ1550 ናኖ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን ደግሞ ከአስኳሉም ጥቂት አልፎ 10.4 ማይክሮ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ይሠራል።

የሲሊከን ቺፕ ነገሩ ሌላ ነው። የሲሊከን የስብረት አሃዝ 3.48 ሲሆን የከበበው የሲሊካ መስታወት 1.44 ነው። ይህ ሰፊ ልዩነት ብርሃኑን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሞገድ መሪው 500 ናኖ ሜትር ስፋትና 220 ናኖ ሜትር ቁመት ቢኖረው ይበቃዋል። ቺፕ ላይ ብዙ ነገር በትንሽ ቦታ መጠቅለል የተቻለው በዚሁ ጥብቀት ነው። ዋጋው የሚከፈለው ግን በሩ ላይ ነው።

ሁለቱን ኩታ ገጠም አድርገን ያለ ምንም ሌንስ ብናጋጥማቸውስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንዱ የብርሃን ክብ ግማሽ ማይክሮ ሜትር፣ የሌላው 10.4 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ፍጹም በትክክል መሐል ለመሐል ቢገጥሙ እንኳ የሚያልፈው ብርሃን አንድ በመቶ አይሞላም። 20 ዴሲቤል ጠፋ። በ1550 ናኖ ሜትር ይህን ያህል ብርሃን በፋይበር ውስጥ ለማጥፋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማ ድረስ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል።

ፋይበርን ከፋይበር የሚያያይዙ የመስክ ሠራተኞች ይህን ችግር አያውቁትም። የስፕላይስ ማሽናቸው ሁለቱን ጫፎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ሲያጣብቃቸው ብዙውን ጊዜ ኪሳራው ከ0.1 ዴሲቤል በታች ይሆናል፤ የሁለቱም ክብ እኩል ነውና።

ለምን ማጥበብ ብቻውን አይበቃም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዘይት ቸርቻሪ ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ሲቀዳ አፉ ላይ ሰፊ ማውረጃ ይሰካል፤ ከላይ የገባው ሁሉ ከታች ይወጣል። ሌንስም ለብርሃን ይህን የሚያደርግ ይመስላል። አያደርግም። ዘይት በየትኛውም አቅጣጫ ቢወርድ ያው ዘይት ነው፤ ብርሃን ግን ሲገባ ቦታው ብቻ ሳይሆን የመጣበት ማዕዘንም ይቆጠርበታል።

ፋይበሩ የሚቀበለው ከመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ በ8 ዲግሪ ገደማ ውስጥ የመጣውን ብርሃን ነው። ከዚያ አልፎ ገደድ ብሎ የመጣው አስኳሉ ላይ ቢያርፍም ወደ ልባሱ ሾልኮ ይጠፋል። ከጠባብ ቦታ የሚወጣ ብርሃን ደግሞ በተፈጥሮው ይበተናል፤ በጠበበ ቁጥር ይበልጥ ይበተናል። ይህ የሞገድ ባሕርይ እንጂ የአሠራር ጉድለት አይደለም። በ1550 ናኖ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 10.4 ማይክሮ ሜትር የሆነ ብርሃን ከፋይበር ሲወጣ በየጎኑ 5.4 ዲግሪ ይከፈታል። ዲያሜትሩ 2.5 ማይክሮ ሜትር ከሆነ መክፈቻው 22.6 ዲግሪ ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች አባዙአቸው፦ 10.4 በ5.4፣ 2.5 በ22.6። ሁለቱም 56 ገደማ ይመጣሉ። በሌዘር ብርሃን ላይ ጥሩ ሌንስ የፈለገውን ቢያደርግ ይህን ብዜት ሊያሳንሰው አይችልም፤ መጥፎ ሌንስ ግን ያሳድገዋል።

ሌንስ እንግዲህ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ስፋትን በማዕዘን ይለውጣል። ከቺፑ ጠብቦ በሰፊ ማዕዘን የሚወጣውን ተቀብሎ ለፋይበሩ ሰፍቶ በጠባብ ማዕዘን ይሰጠዋል። ከ2.5 (ቺፑ ክቡን ከግማሽ ማይክሮ ሜትር ወደዚህ እንዴት እንደሚያሰፋው ኋላ እናያለን) ወደ 10.4 መሄድ ስንፈልግ 4.2 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ እንፈልጋለን፤ ማዕዘኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሁለቱ ወገን ብርሃን በስፋትም በማዕዘንም ሲገጥም ኪሳራው በጽንሰ ሐሳብ ዜሮ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ እውነት አለ፤ ሰምተው የማይቀበሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። የስልካችንን የባትሪ መብራት ወደ ባለ አንድ ሞድ ፋይበር በደንብ ማስገባት የሚችል ሌንስ የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። የመብራቱ ገጽ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃኑ የሚበተነው ፊት ለፊቱ ባለው አቅጣጫ ሁሉ ነው። ብዜቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከፋይበሩ ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ክቡን ብናጠበው ማዕዘኑ ይፈነዳል፤ ማዕዘኑን ብንገራው ክቡ ይሰፋል። ለረጅም መስመር ሌዘር የግድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሌንሶቹ ዓይነት

በርካሹ እንጀምር። የኳስ ሌንስ ማለት አንዲት ድቡልቡል መስታወት ናት። ዙሪያዋ አንድ ስለሆነ ዞረች አልዞረች አይገድም፤ በፋብሪካ ለመግጠም ትመቻለች። በየቤቱ ያሉት የፋይበር ሞደሞች ውስጥ ሌዘሩ የሚቀመጥባት የብረት ቆብ አናት ላይ ብዙ ጊዜ የምትገኘው እርሷ ናት። ጉድለቷ ከጠርዟ የሚያልፈውን ጨረርና ከመሐሏ የሚያልፈውን አንድ ነጥብ ላይ አለማሰባሰቧ ነው፤ ስለዚህ ከሌዘሩ ብርሃን ብዙው ሳይገባ ይቀራል። ለሁለት ኪሎ ሜትር የቤት መስመር ሌዘሩ ተርፎት ስለሚያበራ ብክነቱ ይታለፋል፤ በእኔ አስተያየትም ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ለረጅም መስመር ሲሆን ገጿ በስሌት የተቀረጸ፣ ድቡልቡል ያልሆነች ሌንስ ትመረጣለች፤ ዋጋዋ ከፍ ይላል፣ ኪሳራው ይቀንሳል።

ሁለቱም ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነች በትር መሰል ሌንስም አለች። ብርሃኑን የምታጎብጠው በገጿ ሳይሆን በሆዷ ነው፤ የስብረት አሃዟ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠፍጣፋ ስለሆነች ከፋይበሩ ጫፍ ጋር በሙጫ መለጠፍ ይቻላል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ቺፕ የሚሞክር ሰው አብዝቶ የሚጠቀመው ግን ራሱ ፋይበሩ ጫፉ ላይ ሌንስ የሆነበትን ነው። የፋይበሩ ጫፍ በሙቀት ተስቦ፣ በአሲድ ተበልቶ ወይም ተሞርዶ ይሾላል፤ መጨረሻው ላይ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ራዲየስ ያለው ድቡልቡል አፍንጫ ይሠራለታል። በማይክሮስኮፕ ስር ሲታይ 125 ማይክሮ ሜትር የነበረው ወፍራም ብርጭቆ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ፣ አፍንጫው ከቺፑ ጠርዝ ፊት ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ሜትር ባለ ክፍተት ቆሞ ይታያል። የብርሃኑ ወገብ፣ ማለትም ከሁሉ የጠበበበት ቦታ፣ የሚገኘው ፋይበሩ ላይ ሳይሆን እዚያ ክፍተት መጨረሻ ላይ፣ አየር ውስጥ ነው፤ የተለመደው መጠኑ 2.5 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ቺፑን ለማቅረብ የቸኮለ እጅ ማስተካከያውን አንድ ጥርስ አብዝቶ ቢያዞረው አፍንጫው ከሲሊከኑ ጋር ይጋጭና ያ ውድ ጫፍ ያበቃለታል። ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ወርዶ ይቀራል እንጂ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌንሱን በቀጥታ ፋይበሩ ጫፍ ላይ ወይም ቺፑ ጠርዝ ላይ በሌዘር እያጠነከሩ ከፈሳሽ ፕላስቲክ ማተም ተጀምሯል። ጥቅሙ የፈለጉትን ቅርጽ መስጠቱ ነው።

ቅርጽ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከሌዘር የሚወጣው ብርሃን ብዙ ጊዜ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። አንዱ ጎኑ የሌላው ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ ክብ ሌንስ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከ75 በመቶ በላይ ማስገባት አይችልም፤ ሩቡ በቅርጽ አለመግጠም ይቀራል። ይህን የሚያስተካክለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያጎብጥ ሌንስ ወይም እንደ ሽብልቅ የተሞረደ የፋይበር ጫፍ ነው። ሩብ ብርሃን ጠፍቶባቸው ሌንሱን ደጋግመው የሚያጸዱ ሰዎች መጀመሪያ የብርሃኑን ቅርጽ ቢያዩ ይሻላቸዋል።

ቦታና ማዕዘን

ስፋትና ማዕዘን ይለዋወጣሉ ካልን፣ ስሕተትን የመቻል አቅማቸውም አብሮ ይለዋወጣል። ትልቁን ክብ፣ የ10.4 ማይክሮ ሜትሩን፣ አንድ ማይክሮ ሜትር ወደ ጎን ብናዛንፈው የሚጠፋው 0.16 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ያንኑ አንድ ማይክሮ ሜትር በ2.5ቱ ላይ ብናደርገው 2.8 ዴሲቤል ይሄዳል፤ ግማሽ ያህሉ ብርሃን ማለት ነው። በመግቢያው ላይ የጠቀስኩት ግማሽ ማይክሮ ሜትርም የመጣው ከዚሁ ትንሽ ክብ ነው። በርቀትም እንዲሁ ነው፤ ትንሿ ነጥብ ከወገቧ 3 ማይክሮ ሜትር ወደ ኋላ ብትል 0.9 ዴሲቤል ስትከስር፣ ትልቁ ክብ ያንን ያህል ለመክሰር 50 ማይክሮ ሜትር መራቅ ያስፈልገዋል።

በማዕዘን ግን ዕድሉ ይገለበጣል። ትልቁ ክብ አንድ ዲግሪ ቢያዘነብል 0.15 ዴሲቤል ያጣል፤ ትንሿ ግን በዚያ ማዘንበል ከአንድ መቶኛ ዴሲቤል በታች ነው የምታጣው።

በሁለት ሌንስ የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ወደ ጽንፍ ይወስዱታል። የመጀመሪያው ሌንስ ብርሃኑን ሰፊና ቀጥ ያለ አድርጎ ይለቀዋል፤ ሁለተኛው ሰብስቦ ወደ ፋይበሩ ያስገባል። መሐል ላይ ያለው ብርሃን ራዲየሱ 200 ማይክሮ ሜትር ቢሆን፣ ወደ ጎን መቶ ማይክሮ ሜትር ያህል ቢዛነፍ የሚጠፋው አንድ ዴሲቤል ገደማ ነው። በማዕዘን ግን የዲግሪ 7 መቶኛ ማዘንበል ያንኑ አንድ ዴሲቤል ይወስዳል። በዚያ መሐል ማጣሪያ ወይም ብርሃንን ወደ ኋላ የማያስመልስ ዕቃ ማስገባት ስለሚቻል ዘዴው ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ችግሩን አላጠፋውም፤ ከቦታ ወደ ማዕዘን አዛወረው።

ስለዚህ ሌንስ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የቱ ሌንስ ጥሩ ነው የሚለውን አይደለም። የእኔ መሣሪያ የቱን በደንብ ይቆጣጠራል፣ ቦታን ወይስ ማዕዘንን? ሌንሱ የሚመጣው ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

ሳይገባ የሚመለሰው

ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲያልፍ በያንዳንዱ ገጽ ከ3 በመቶ በላይ የሚሆነው ይመለሳል። ከሲሊከን ገጽ ላይ ግን የሚመለሰው 30 በመቶ ገደማ ነው፤ 1.6 ዴሲቤል። ይህን ሌንስ አያስተካክለውም፤ ሌንሱ ራሱ ሁለት ገጾች ጨምሮበታል። መፍትሔው ገጹን በሥሥ ሽፋን መቀባት ነው። የሽፋኑ የስብረት አሃዝ በሁለቱ ቁሶች መሐል የሚወድቅ ሆኖ፣ ውፍረቱ በውስጡ ካለው የሞገድ ርዝመት ሩብ ሲሆን፣ ከላይና ከታች የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ለሲሊከን አሃዙ 1.87 ያህል፣ ውፍረቱ ደግሞ ለ1550 ናኖ ሜትር 207 ናኖ ሜትር ያህል ቢሆን ልክ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ገጹን ማዘንበል ነው። አረንጓዴ ራስ ያለውን የፋይበር ኮኔክተር ያያችሁ ሰዎች፣ ጫፉ በ8 ዲግሪ ተቆርጦ የተወለወለ ነው። ነጸብራቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ወደ አስኳሉ ተመልሶ መግባት በማይችልበት ማዕዘን ይሄዳል። ይህ ከኪሳራው በላይ ሌዘሩን ለመጠበቅ ነው፤ ወደ ሌዘር ሆድ የሚመለስ ብርሃን ሌዘሩን ያናውጠዋል። አረንጓዴውን ከሰማያዊው ጋር በጉልበት የሚያጋጥሙ ሠራተኞች አልጠፉም፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ያዘነበለ ስለሆነ መሐላቸው የአየር ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃኑም ይባክናል።

አቧራንም ሳንጠቅስ አንለፍ። አስኳሉ 9 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ያን የሚያህል አቧራ ከየግንባታ ቦታው ለሚነሳበት ከተማ ብርቅ አይደለም። ኮኔክተርን በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ አቧራውን ማንሳት ሳይሆን መሐል ላይ መለጠፍ ነው።

ማግኘትና ማሰር

ፋይበሩን ከቺፑ ፊት የማቆም ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ብርሃን እስኪገኝ ድረስ በጨለማ መዳከር ነው። መለኪያው ላይ ቁጥር ሲታይ ደስ ይላል፤ ሆኖም ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ አታላይ ነው። ብርሃኑ ሞገድ መሪው ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ባለው የቺፑ አካል ውስጥ አልፎ ወደ ወዲያኛው ፋይበር ሊደርስ ይችላል። መለያው ይህ ነው፤ ፋይበሩን ብዙ ማይክሮ ሜትር ሲያንቀሳቅሱት ቁጥሩ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ከሆነ ብርሃኑ የሾለከ ነው፤ እውነተኛው በአንድ ማይክሮ ሜትር ውስጥ ወጥቶ የሚወርድ ሹል ነው። ሹሉ ከተገኘ በኋላ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ፊት እያሉ በተራ እየከለሱ መውጣት ነው።

ከዚያ ማሰር ይመጣል፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ነው። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚደርቅ ሙጫ ሲደርቅ ይሸበሸባል። የሙጫው ውፍረት 50 ማይክሮ ሜትር፣ መሸብሸቡ 2 በመቶ ነው እንበል፤ ፋይበሩ አንድ ማይክሮ ሜትር ተጎተተ። በ2.5 ማይክሮ ሜትር ነጥብ ላይ ይህ ምን እንደሆነ ከላይ አይተናል፤ 2.8 ዴሲቤል። ስለዚህ ሙጫው ሥሥ እንዲሆን፣ ከግራና ከቀኝ እኩል እንዲቀባ ይደረጋል፤ ልምድ ያላቸው ደግሞ የሚጎተትበትን አቅጣጫ አስቀድመው አውቀው በተቃራኒው ትንሽ አዛንፈው ያስሩታል።

የሙቀት ለውጥም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳና ቀትር ከ10 ዲግሪ በላይ ይራራቃሉ። የአንድ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም ማቆሚያ በ10 ዲግሪ 2.3 ማይክሮ ሜትር ይረዝማል። ማለዳ የተስተካከለ ዝግጅት ምሳ ሰዓት ላይ ቢዛባ የሚያስገርም አይደለም። ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ የሌለው ሰው ቢያንስ ቺፑንና ፋይበሩን በአንድ ዓይነት ቁስ ላይ ያቁማቸው፤ ሁለቱም አብረው ከፍ ቢሉ አብረው ዝቅ ቢሉ ችግር የለም።

ከሌንሱ ይልቅ ቺፑን መለወጥ

የሲሊከኑን ግማሽ ማይክሮ ሜትር በሌንስ ብቻ ለማሟላት መሞከር ሞኝነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከአየር ውስጥ ብርሃንን ከሞገድ ርዝመቱ በብዙ አሳንሶ ማጥበብ አይቻልም፤ የ1550 ናኖ ሜትር ብርሃን ግማሽ ማይክሮ ሜትር ላይ በአየር ሌንስ አይሰበሰብም። መካከል ላይ መገናኘት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት መላ እዚህ ጋ ጠቃሚ ነው። የሲሊከኑ መስመር ወደ ቺፑ ጠርዝ ሲቃረብ እየጠበበ ሄዶ መቶ ናኖ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲጠብ ብርሃኑም አብሮ የሚጠብ ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መስመሩ በጣም ሲቀጥን ብርሃኑን መያዝ ያቅተዋል፣ ብርሃኑም በዙሪያው ወዳለው መስታወት ይሰፋል። በዚህ መንገድ ክቡ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ከደረሰ፣ ባለ ሌንስ ጫፍ ፋይበር ቀሪውን ያደርሰዋል። ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ቺፑ ከግማሽ ወደ ሁለት ተኩል፣ ሌንሱ ከሁለት ተኩል ወደ አሥር።

ሌላው መንገድ ሌንስን ጨርሶ መተው ነው። በቺፑ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጎድጓዶች ተደርድረው ብርሃኑን ወደ ላይ ይወረውሩታል፤ የሚወጣው ክብ የፋይበሩን ያህል ስለሆነ ከላይ ተራ ፋይበር ማቆም ይበቃል። ቺፑ ሳይቆራረጥ መፈተን መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ቀላሉ ዓይነት ግን ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ያከስራል፣ ጥቂት የሞገድ ርዝመቶችን ብቻ ያስተናግዳል፣ ስለ ብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫም መራጭ ነው። ለምርምር እወደዋለሁ፤ ለምርት ጠርዙን እመርጣለሁ።

ኪሳራው ከየት እንደመጣ ማወቅ

አራት ኪሎ ፊዚክስ ወይም አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሚማር ሰው አንድ ቺፕ አግኝቶ በሁለት ባለ ሌንስ ፋይበሮች መሐል ቢያቆመውና መለኪያው 10 ዴሲቤል ጠፋ ቢለው፣ ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረውም። የመስመሩ ኪሳራና የበሮቹ ኪሳራ ተደባልቀዋል።

መለያየቱ ከባድ አይደለም። በአንዱ ቺፕ ላይ በስፋት አንድ ዓይነት የሆኑ፣ በርዝመት የሚለያዩ መስመሮች ይመረጣሉ። 1 ሴንቲ ሜትሩ 8 ዴሲቤል፣ 2 ሴንቲ ሜትሩ 10፣ 4 ሴንቲ ሜትሩ 14 አሳየ እንበል። ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አስቀምጦ ቀጥ ያለ መስመር ቢያሰምርባቸው፣ በየሴንቲ ሜትሩ 2 ዴሲቤል እንደሚጨምር ያያል፤ ይህ የሲሊከኑ ድርሻ ነው። መስመሩን ወደ ዜሮ ርዝመት ቢገፋው 6 ላይ ያርፋል። ሁለቱ በሮች ተመሳሳይ ከሆኑ እያንዳንዳቸው 3 ዴሲቤል ይወስዳሉ።

ቀጥሎ ያንን 3 መበርበር ነው። አንዱን ፋይበር ሆን ብሎ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ወደ ጎን ይውሰደውና መለኪያውን ይይ። የሁለቱም ወገን ክብ በእርግጥ 2.5 ማይክሮ ሜትር ከሆነና መነሻው ሹሉ ላይ ከነበረ፣ ቁጥሩ በ0.7 ዴሲቤል ያህል መውረድ አለበት። ከዚያ በጣም ያነሰ ከወረደ ከሁለቱ አንዱ ክብ ከታሰበው ይሰፋል፤ ወይም ፋይበሩ ከወገቡ ርቆ ቆሟል፤ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ እንደገና መሞከር ይህን ይለየዋል። በትክክል 0.7 ወርዶ ኪሳራው ግን ያው 3 ከሆነ፣ ቦታና መጠን ደህና ናቸው፤ ተጠርጣሪዎቹ ያልተቀባ ገጽ፣ የብርሃኑ ሞላላነት ወይም የተቆራረጠ የቺፕ ጠርዝ ናቸው፤ ለሦስተኛው ደግሞ ከማይክሮስኮፕ ሌላ ምንም አያስፈልግም።